የእናቴን ቤት ወለል ላዳነልን ግንበኛ ምስጋና፣ ሀዋሳ ላላችሁ ሁሉ

ሰላም የሀዋሳ ሰዎች፣ እኔ ብዙም ፖስት የማደርግ ሰው አይደለሁም ዛሬ ግን ዝም ብዬ ባልፍ እግዜርም አይወደው። የእናቴ ቤት አቶቴ አካባቢ ነው፣ የሳሎኑ ወለል ከሁለት ክረምት ወዲህ ወደ ጓዳው በኩል እየሰመጠ፣ ቡና ስታፈላ ረከቦቱ ስር ካርቶን አጥፋ ካላስገባች ሲኒው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል፣ ከግድግዳው ስር ደሞ እርጥበት እየወጣ ቀለሙ ይላጣል። እሷ ቁርጥማት አለባት፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፣ ሌሊት ስትነሳ ትወድቅብኛለች እያልኩ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ከሱ በፊት የመጡትን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። የመጀመሪያው ምንም ሳያይ በላዩ ላይ ሊሾ ደፍቶ ሴራሚክ ለጠፈበት፣ 4 ወር ሳይሞላው ተሰነጣጠቀ፣ ስንደውልለት «ቤታችሁ ነው ችግሩ» ብሎ ዘጋው። ሁለተኛው ቤቱ እንዳለ ካልፈረሰ አይሆንም ብሎ እናቴን አስለቅሷት ሄደ። ሌላው ቀብድ ተቀብሎ ነገ እመጣለሁ እንዳለ ቀረ። የእናት ቤት ላይ እንዲህ ይደረጋል?

ይሄንን ልጅ ጎረቤት ነው የጠቆመን። መጥቶ ስለ ዋጋ አላወራም፣ በመዶሻው እጀታ ወለሉን ኳ ኳ እያደረገ በርከክ ብሎ እያዳመጠ ሳሎኑን ዞረ፣ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ በጠመኔ አሰመረ። ከዛ ውጪ ወጣና አሸንዳውን አየ፣ ለካ ተቀዶ የጣሪያው ውሃ በሙሉ ግድግዳው ስር ነው የሚወርደው! ጠመኔ ካደረገበት አንዱን ቦታ ብቻ ከፍቶ አሳየኝ፣ ከሊሾው ስር እጄ እስከ ክርን ገባ። ሲሞላ በደንብ ያልተጠቀጠቀ አፈር ነው፣ የኛ አገር አፈር ደሞ አመድ መሳይና ያ ቀላል ነጭ ድንጋይ ያለበት ስለሆነ ውሃ ሲያገኝ ይሸሻል አለኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ክፍል ለመጨመር ያሰራው የብሎኬት ግድግዳም መሰረት የለውም፣ ያንን ሁሉ ክብደት ወለሉ ነበር የተሸከመው።

ቤቱን አላፈረሰም። ወለሉን ከመንካቱ በፊት ግድግዳውንም ጣሪያውንም በባህር ዛፍ ደገፈ፣ ከግድግዳው ስር ሁሉም በአንዴ ከተቆፈረ ግድግዳው ይወርዳል ብሎ በቁራጭ በቁራጭ እየቆፈረ መሰረት ሰራለት። ከዛ ድንጋይ ደረደረ፣ ጠቀጠቀ፣ እርጥበቱ እንዳይወጣ ላስቲክ አነጠፈ፣ ፌሮ አሰረ፣ የቀረውን ነግሮኝ ነበር ግን አልገባኝም። አሸንዳውንም ሳንጠይቀው ቀየረው።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው። ኮንክሪቱ ሊሞላ ሲል ስራውን አቁሞ እናቴ ጎን ተቀመጠና «እማማ፣ ሌሊት ሲነሱ በየት በኩል ነው የሚሄዱት?» አላት። ተነስታ አሳየችው፣ ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ድረስ ምርኩዟን ይዛ ቀስ እያለች፣ እሱ ከኋላዋ እየሄደ እግሯን ያያል። የሽንት ቤቱ በር ደፍ ጋ ስትደርስ ግድግዳውን እንደያዘች አየ፣ ደፉን ሰብሮ ወለሉን አገናኘላት። ማንም አላዘዘውም፣ ሂሳብም አልጨመረም። እኔ ልጇ ስንት አመት ሳያት ያንን ደፍ ልብ ብዬው አላውቅም!

ኮንክሪቱ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት ብሎ ጠዋት ማታ ይመጣ ነበር፣ እሁድ እንኳን ከቅዳሴ በኋላ ነጠላውን እንዳደረገ መጥቶ አጠጥቶ ሄደ። የተረፈውን 3 ኩንታል ሲሚንቶም መልሳችሁ ብራችሁን ውሰዱ አለን።

ክረምቱ አለፈ፣ ወለሉ ፍንክች አላለም፣ ግድግዳውም ደረቅ ነው። እናቴ ስትመርቀው ነው የምትውለው። ወለሉ የሰመጠበት፣ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ካለ እባካችሁ አፍርሱ ያላችሁን ከመስማታችሁ በፊት እሱን አሳዩት፣ እባካችሁ። ስልኩን አስፈቅጄዋለሁ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እልክላችኋለሁ። ስራ ላይ ሆኖ ቶሎ ስለማያነሳ ማታ ከ12 ሰአት በኋላ ደውሉለት።