የሽቦ ኬጅ ወይስ የእንጨት ቤት? ከሌላ ቤት ለመጣች ዶሮ የሚሻለው

ከእርባታ የተሰናበተች ወይም ቤት ከሚለቅ ጎረቤት የተገኘች ዶሮ የሚቀበል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኬጅ ልግዛ ወይስ የእንጨት ቤት?» ብሎ ነው። ለሁለትና ለሦስት ዶሮ የእንጨት ቤት ይሻላል፤ ያውም መንገድ ዳር ተሠርቶ የተደረደረው ሳይሆን በልክ የምታሠሩት።

ኬጅ ርካሽ የሚመስለው በር እስኪገባ ነው። ወለሉ ሽቦ ስለሆነ እግሯን እንዳያቆስላት ጣውላ ይነጠፋል። ነፋስ እንዳይመታት ሦስት ጎኑ ይሸፈናል። ቆጥ ይገባለታል፣ ለዝናቡ ክዳን ይጨመራል። ሁሉም ሲደመር የእንጨቱን ዋጋ ይጠጋል። ከእርባታ የምትወጣ ዶሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ላባዋ የተመለጠ ነው፤ የአዲስ አበባን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ባዶ ሽቦ ውስጥ አትችለውም።

ተሠርተው የሚሸጡት የእንጨት ቤቶች ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቀለም የተቀባ ቺፑድ ከጣውላ አይለይም። የበሩን ጠርዝ በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ብናኝ ከረገፈ ተዉት። ክረምት ሲመታው ያብጣል፣ የማጠፊያው ብሎን ይነቀላል፤ ቺፑድ አንዴ ብሎን ከለቀቀ ደግሞ ከጀርባው እንጨት ካልተደረበለት መልሶ አይዝም። ሌላው ማታለያ ሽቦው ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ ሽለምጥማጥን አያስቆምም፤ ውሻም ይቀደዋል። መገናኛው የተበየደ፣ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሽቦ ፈልጉ። በሜትር ሲጠየቅ ውድ ነው፤ ቢሆንም ፊት ለፊቱን ከላይ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሸፍን ትንሽ ይበቃል።

ከአናጺው ጋር በጥቅል ዋጋ አትዋዋሉ። ጥቅል ከሆነ ትርፉ የሚወጣው ጣውላውን በማሳሳትና ሽቦውን በመለወጥ ነው። ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ የእጁን ብቻ ክፈሉ። ለሦስት ዶሮ ቀን ቀን ግቢ የሚወጡ ከሆነ 120 በ80 ሳንቲ ሜትር ወለል ይበቃል፤ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። አንድ ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ለሁለት ተቆርጦ ጎን ለጎን ሲደረብ ጣሪያውን ከግድግዳው ወጣ ከሚለው ጠርዙ ጋር ይሸፍናል፤ ሁለተኛ ቆርቆሮ ግዙ ከተባላችሁ እንቢ በሉ። ቆጡ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተሞረደ ይሁን፤ ከወለሉ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ አይውጣ። ብዙ እንቁላል የጣለች ዶሮ አጥንቷ ስለሚሳሳ ከከፍታ ስትዘል ደረቷ ሊሰበር ይችላል። የእንጨቱ ድክመት ተባይ ነው፤ ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት የዶሮዋን ደም ይጠጣል። የቆጡን ጫፎች በባትሪ እያያችሁ አጽዱ።

ማላመዱም እዚህ ይቀላል። አመሻሽ ላይ አስገቧት፣ ቅድሚያ ውሃ ስጧት፣ አምስት እስከ ሰባት ቀን ዘግታችሁ አቆዩዋት። ቤቷን ከለየች በኋላ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀር ልቀቋት፤ ሲመሽ ራሷ ትገባለች። ኬጅ ውስጥ ያደገች ዶሮ ቆጥ ስለማታውቅ መጀመሪያ አካባቢ ጨለማ ላይ በእጅ አንሥታችሁ አስቀምጧት። መኖዋን በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ የለመደችውን ከአዲሱ እየቀላቀላችሁ ሳምንት ውሰዱ። እንቁላል ብታቋርጥም አትደንግጡ፤ ቦታ ስትቀይር ያለ ነገር ነው።

መኖው ላይም ገንዘብ ይባክናል። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ ሦስቱ በወር ወደ 10 ኪሎ ይሆናል። 50 ኪሎ በኪሎ ሲሰላ ቢረክስም አምስት ወር ገደማ ስለሚቆይ ይሻግታል፤ የሻገተ መኖ ደግሞ ጉበቷን ይጎዳል። የወሩን ብቻ ግዙ።

ግቢ ውስጥ ሌሎች ዶሮዎች ካሏችሁ ብቻ ኬጅ ያስፈልጋል። አዲሷ ፈንግል ወይም ሌላ በሽታ ይዛ እንዳትመጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ራቅ ብላ ትቆይበታለች። ለዚህ ግን አዲስ አትግዙ፤ ተዋሱ ወይም ያገለገለ ፈልጉ። ኩሱን ፍቃችሁ በሳሙና ካጠባችሁት በኋላ በበረኪና ድገሙት፣ ፀሐይ ላይም በደንብ ይድረቅ።