አምፕሊፋየሩ አለ፣ ስፒከሩስ? አዲስ ኮፒ፣ ያገለገለ ኦርጅናል ወይስ በሻንጣ የሚመጣ

ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ሰፈር፣ ስለ ቴፕና ስፒከር የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ወደ እኔ ይልካሉ። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «አምፕሊፋየር አለኝ፤ ምን ስፒከር ልግዛ?» አምፕሊፋየሩ ከአባት የተወረሰ ነው፤ ካልሆነም ከውጭ የመጣ ዘመድ ትቶት የሄደ። ስፒከሮቹ ግን ተቀደዋል፣ ወይም ዕቃ ሲጓጓዝ አንደኛው ተሰብሯል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ደግሞ ትልልቁን አይችልም። ስለዚህ ሁሉም የሚፈልገው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡትን ትንንሾቹን፣ ቡክሼልፍ የሚባሉትን ነው። በጀቱም ይመሳሰላል፤ 10,000 ብር፣ ቢበዛ።

መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር። በዚህ ብር ያገለገለ ኦርጅናል ግዙ። አዲሱን ኮፒ ተዉት። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና እጥፍ መክፈል ከቻላችሁ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እሱን ወደ በኋላ።

ከዋጋ እንጀምር። መርካቶ ላይ ጥንዱ ኮፒ ስፒከር 11,000 ብር ይባላል። ተከራክራችሁ፣ ሁለት እርምጃ ሄዳችሁ፣ ሻጩ ጠርቷችሁ 8,500 ላይ ይቆማል። ጎረቤቴ በዚህ ዋጋ ነው የገዛው። ካርቶኑ ትልቅ ስለሆነ ታክሲ አላስገባ አለውና ኮንትራት ይዞ መጣ፤ 1,200 ብር። ብዙም ሳይቆይ ቀጭኑን ድምጽ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ትዊተሯ፣ በአንዱ በኩል ዝም አለች። ሻጩ ጋ ሲደውል «ሞክረህ ነው የወሰድከው» ተባለ። ሰፈር ያለ ጥገና ቤት ሁለቱንም ትዊተር በ1,400 ብር ቀየረለት። ቀጥሎ ወፍራሙን ድምጽ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ ዉፈሩ፣ በአንዱ በኩል ኮይሉ (ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ) ተቃጠለ፤ 1,800 ብር። ደምሩት፤ 12,900 ብር ነው። ዛሬም ሁለቱ ስፒከሮች ድምጻቸው እኩል አይደለም።

የእኔን ልንገራችሁ። ያገለገሉ የጃፓን ስፒከሮች ናቸው፤ 9,000 ተብሎ በ6,000 ብር ጨረስኩ። የዉፈሩ ዙሪያ ስፖንጅ ረግፎ ስለነበር በጎማ አስቀየርኩት፤ ለሁለቱም 1,600 ብር። ጥሩ የመዳብ ገመድ 900 ብር። ድምሩ 8,500፣ ጎረቤቴ መጀመሪያ ላይ የከፈለው ብር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ብር አላስወጡኝም።

ኮፒውን ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምጠላ የሚገባችሁ ከፍታችሁ ብታዩት ነው። ጎረቤቴ ጥገና ሲያስገባ አብሬው ነበርኩ። ከፊት አራት ክብ ይታያል። ሁለቱ ጌጥ ናቸው፤ ከኋላቸው ሽቦ የለም። የዉፈሩ ማግኔት ከውጭ ወፍራም ይመስላል፤ ግን የላስቲክ ክዳን ነው ያገዘፈው፣ ክዳኑ ሲነሳ ብስኩት የምታህል ማግኔት ትወጣለች። ድምጹን ለዉፈርና ለትዊተር የሚያከፋፍለው ክፍል በኦርጅናሉ ላይ ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር አለው። እዚህ አንዲት ሳንቲም የማትሞላ ካፓሲተር ብቻ ትዊተሯ ላይ ተበይዳለች። ትዊተሯ የተቃጠለችውም ለዚህ ነው፤ የማትችለው ወፍራም ድምጽ በደንብ ሳይጣራ ወደ እሷ ይሄዳል። ሳጥኑ ስስ ቺፕውድ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ ድምጽ የሚመጥ ጥጥ እንኳ የለውም። ካርቶኑ ላይ ግን «1,000 ዋት» ተብሎ ተጽፏል።

ስለ ዋት አንድ ነገር ያዙ። ስፒከር ዋት አያመነጭም። የተጻፈው ቁጥር፣ እውነት ከሆነ፣ ምን ያህል እንደሚችል ነው የሚነግራችሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ 1,000 ዋት ነው!» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ ስፒከሩን አንሱት። ኦርጅናል ቡክሼልፍ ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻውን አራት አምስት ኪሎ ይመዝናል። ኮፒው በአንድ እጅ ብድግ ይላል። የታወቀ ስም ተለጥፎበት ፊደሉ አንድ ቦታ ላይ ከተቀየረ ደግሞ ሳታነሱትም ተመለሱ።

አሁን ወደ ያገለገለው። እዚህም መሸወድ አለ፤ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው፣ በዓይንና በእጅ የሚያዝ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ ወርዳችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። ከዚያ የሚሻለው ግን አገር ለቅቀው የሚሄዱ ሰዎች የቤት ዕቃ ሲሸጡ ማግኘት ነው። ኦልድ ኤርፖርትና ሲኤምሲ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ሽያጭ አይጠፋም፤ ቴሌግራም ላይም ይለጠፋል። የሚሸጠው ሰው ቤቱ ውስጥ ሲሰማው የኖረ ስለሆነ ሰክቶ ያሰማችኋል።

ስትሄዱ በቀን ሂዱ። መጀመሪያ ሽፋን ጨርቁን አንሱና የዉፈሩን ዙሪያ እዩ። ጎማ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ጎማ ብዙ ዓመት ይቆያል። ስፖንጅ ከሆነ በጣት ጫፍ ነካ አድርጉት። ስፖንጅ ከአሥር እስከ ሃያ ዓመት ውስጥ ራሱን ይበላል፤ ከተፈረፈረ ወይም ከተጣበቀ ማስቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። የተፈረፈረ ስፖንጅ ለመተው ምክንያት አይደለም፤ ለመከራከር ነው።

ቀጥሎ መሐሉን በሁለት በሦስት ጣት፣ እኩል አድርጋችሁ፣ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። ያለ ድምጽ ገብቶ መመለስ አለበት። «ክርር» ካለ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፤ እሱን ተዉት። ከዚያ ሁለቱን ስፒከሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና አወዳድሩ። እኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት ችግር ይሄ ነው፦ አንደኛው ዉፈር ተቃጥሎ በመኪና ስፒከር ተቀይሯል። ከሽፋኑ ጋር አይታወቅም። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚለካበት ነው። የመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው፤ የቤቱ 6 ወይም 8። ድምጹ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ አምፕሊፋየሩም ይግላል። ቴስተር ያለው ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ በአንድ ደቂቃ ይለያል። 8 ኦም የሆነ ስፒከር በቴስተር ሲለካ 6 ወይም 7 አካባቢ ያሳያል፤ 4 ኦም የሆነው ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። ሁለቱ ስፒከሮች የተራራቀ ቁጥር ካሳዩ አንዱ ተነክቷል።

ስታዳምጡም የምትመርጡት ነገር ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው በበገና ይሞክራል፤ ወፍራም ድምጽ ስላለው። በገና ግን ተፈጥሮው መንዘር ነው፤ ጅማቱ ሥር ያለችው ቆዳ ናት የምታነዝረው። የተበላሸ ኮይልም እንደዚያው ይነዝራል። ስለዚህ ብልሽቱ በበገናው ውስጥ ይደበቃል። መጀመሪያ በዋሽንት ወይም ረጅም ድምጽ በሚይዝ ዘፋኝ ሞክሩ። ዋሽንት ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ከሰማችሁ የስፒከሩ ነው። እሱን ካለፈ በኋላ በገናውን አስገቡ፤ ያኔ ወፍራሙን ድምጽ በልበ ሙሉነት ትለካላችሁ።

ሌላው ያገለገለውን የምመርጥበት ምክንያት እኛ የምንኖርበት ቦታ ነው። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከአራብሳ መርካቶ መመላለስ ገንዘብም ቀንም ይበላል። ስለዚህ ስፒከር ሲበላሽ ሰፈር ውስጥ የሚጠገን መሆን አለበት። ኦርጅናሉ በብሎን ይፈታል፤ ዉፈሩ ይወጣል፣ ጎማ ይለወጥለታል፣ ኮይሉ እንደገና ይጠመጠማል። ኮፒው ብዙ ጊዜ በማስቲሽ የተጣበቀ ነው። ሲከፈት ሳጥኑ ይሰነጠቃል፤ ተከፍቶም ያቺን ትንሽ ማግኔት የሚያክል መለዋወጫ አይገኝም።

በሻንጣ ስለሚመጣው። የሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ5 እና የፖልክ ቲ15 ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዋጋቸው ጥሩ ናቸው። ሶኒው 6 ኦም ነው፣ 13 ሴንቲ ሜትር ዉፈርና ሁለት ትዊተር አለው። አንዱ ከአራት ኪሎ ትንሽ ያልፋል፤ ስለዚህ ጥንዱ 23 ኪሎ ከሚፈቀድበት ሻንጣ ከሲሶ በላይ ይወስዳል። ዘመዳችሁን ስትለምኑ ይሄን አስቡ። ፖልኩ 8 ኦም ነው፤ ለድሮ አምፕሊፋየር ይበልጥ ይስማማል፤ ዋጋውም ከሶኒው ይቀንሳል። ችግሩ ምንዛሪው ነው። 200 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ ዋጋ 11,400 ብር አካባቢ ነበር። ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ20,000 ብር አልፏል። ብሩ ያለው ሰው ይግዛ፤ አይቆጭም። 10,000 ብር ይዞ የሚጠይቀኝን ሰው ግን ተበደርና ግዛ አልለውም።

ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማጣመሩ ቀላል ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ኦም አንብቡ። «8–16» ካለ 4 ኦም ስፒከር አትስኩበት፤ ድምጽ ሲጨመር ይግላል፣ ቆይቶም ይቃጠላል። ሁለተኛው የስፒከሩ ዴሲቤል ነው። በተመሳሳይ ጉልበት 89 ዴሲቤል የሆነው ከ86ቱ ይበልጥ ይጮኻል። 86ቱን እኩል ለማስጮህ የአምፕሊፋየሩ ጉልበት እጥፍ መሆን አለበት። አነስተኛ አምፕሊፋየር ያላችሁ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ፈልጉ። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን 20 እውነተኛ ዋት ይተርፋል። ትንሽ አምፕሊፋየርን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማስጨነቅ ነው ትዊተር የሚገድለው። ሞንታርቦ ግዛ የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ አትስሙት፤ እሱ ለድንኳንና ለአዳራሽ ነው።

የራሳቸው አምፕሊፋየር ውስጣቸው ያለውን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰኩትን ስፒከሮችም አትግዙ። በራሳቸው መጥፎ አይደሉም። እናንተ ግን አምፕሊፋየር አላችሁ፤ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። የአምፕሊፋየራችሁን የስፒከር መውጫ በስህተት እነሱ ላይ ከሰካችሁ ደግሞ ይቃጠላሉ።

ከገዛችሁ በኋላ ገመዱ ላይ አትሰስቱ። «ስፒከር ገመድ» ተብሎ የሚሸጠው ግልጹ ቀጭን ገመድ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቴ ሲታጠፍ ይበጠሳል። ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ 2 በ1.5 የሆነ (ሁለት ሽቦ ያለው፣ እያንዳንዱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ፍሌክሲብል ጠይቁ። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ግጠሙ፤ አንዱ ወገን ከተገላበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ሰውም ስፒከሩን ይራገማል። ከኋላው ቀዳዳ ያለውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። ሳሎኑ ባዶ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፉ። መብራት ሲሄድ ደግሞ አምፕሊፋየሩን ወዲያው አጥፉት፤ ሲመለስ «ዱብ» የሚለው ምት ዉፈሩ ላይ ነው የሚያርፈው።