ደብረ ብርሃን ያለችው ሙዚቃ ቤትና ስም የሌላቸው ዘፈኖቿ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት አለች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ነው የሚቆመው። ሰው የሚሄድባት ሚሞሪ ለማስጫን ወይ ቻርጀር ለመግዛት ነው። እኔም ፍላሼን ለሚጭነው ልጅ ሰጥቼ "ትዝታ ትዝታውን ሙላልኝ" አልኩት።

ልጁ "ትዝታ ከወደድክ እስቲ ይቺን ስማት" ብሎ አንድ ዘፈን ከፈተ። ቋንቋው አይገባኝም፤ አንጀቴ ግን ተላወሰ። ሴዛሪያ ኤቮራ ትባላለች አለኝ፤ መድረክ ላይ በባዶ እግሯ የምትዘፍን የኬፕ ቨርድ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ያረፈች። የዘፈኑ ዓይነት ሞርና ነው። እነሱ ሶዳዴ የሚሉት ናፍቆት እኛ ትዝታ ከምንለው አይርቅም።

ቀጠለና የማሊውን አሊ ፋርካ ቱሬን ለቀቀው። የያዘው ጊታር ነው፣ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው ባቲ ቅኝት ላይ ክራር የሚመታ ሰው መሰለኝ። ግራሚ የሚባለውን የሙዚቃ ሽልማት ካሸነፈም በኋላ ኒጀር ወንዝ ዳር ያለችውን ኒያፉንኬን አልለቀቀም፤ እርሻውን ሲያርስ ኖሮ በኋላ ከንቲባዋም ሆኗል። ለገበሬ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የሌላው የማሊ ሰው የቱማኒ ዲያባቴ ኮራ ተከፍቶ እያለ በርኖስ የደረቡ አንድ የመንዝ አባት ገቡ። ፉከራና ቀረርቶ ሊያስጭኑ ነው የመጡት። ቆመው ሰሙ።

"ይሄ በገና ነው ልጄ?"

"አይደለም አባባ፣ ኮራ ይባላል። ከግማሽ ቅል ነው የሚሠራው፤ 21 ክር አለው።"

"የኛ አሥር ነው" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "እስቲ ይህንንም ጨምርልኝ" አሉት።

የፌስቲቫል ቪዲዮም አለው። ዛንዚባር ላይ በየካቲት የሚደረገው ሳውቲ ዛ ቡሳራ አለ፤ እሱ ደህና ነው። እኔን የያዘኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ማሊ ውስጥ የተጀመረው የበረሃው ፌስቲቫል ነው፤ የሰሃራ በረሃ ሕዝብ የሆኑት ቱዋሬጎች ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ አሸዋ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዘው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በማሊ ጦርነት የተነሳ እዚያ አልተካሄደም። መንገድ ተዘግቶ ሠርግ ሲቀር ያየ የሰሜን ሸዋ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቤት ገብቼ ፍላሹን ስሰካው ግማሹ ዘፈን "ትራክ 01"፣ "ትራክ 02" ነው የሚለው። የዘፋኝ ስም የለም፣ አገር የለም። ጥራቱም ወርዷል፤ ጨምሮ የጫነልኝ በገና ያ የሚያንዘረዝር ወፍራም ድምፁ ጠፍቶ የተወጠረ ሽቦ ሆኖ ቀርቷል። ከድምፁ በላይ ያስከፋኝ ግን የስሙ ነገር ነው። እኔ 200 ብር ከፍያለሁ፣ ለዘፋኙ አንድም ሳንቲም አይደርሰውም። ቢያንስ ስሙ ይጠራ እንጂ!

በማግስቱ ተመልሼ ነገርኩት። አልተቆጣም። ደብተር አውጥቶ የሚያስታውሳቸውን በእስክሪብቶ ጻፈልኝ፤ 14 ስም ከነአገራቸው። ከዚያ ወዲህ ሲጭንም ፎልደሩን በአገር በአገር እየለየ ነው። ለዚህ ስል ሂዱ እላለሁ፤ ስትሄዱ ግን ስሙን አብሮ እንዲጭንላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አንዲት ዘፈን አለች፣ ማሲንቆ የመሰለ ነገር የሚገዘገዝባት፣ ሽማግሌ ድምፅ ያለው ሰው ከሥር የሚያንጎራጉርባት። በቀን ሦስቴ እሰማታለሁ። ሰባት ቁጥር ናት፤ እሱም አላወቃትም።