ለካርድና ለወረቀት ሥራ የሚሆነው ኮላ የትኛው ነው?

ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለሠርግ ካርድ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ወረቀቱንና ቀለሙን በብዙ ጥንቃቄ ይመርጣሉ፤ ኮላውን ግን ቤት ውስጥ ያገኙትን ይወስዳሉ። ካርዱ ከወር በኋላ ጠፍጣፋና ንጹሕ ሆኖ መገኘቱን ወይም ተጣምሞና ጠርዙ ተላቆ መታየቱን የሚወስነው ግን በአብዛኛው ማጣበቂያው ስለሆነ፣ በጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የሚሸጡትን ዋና ዋና ዓይነቶች እንደየባሕርያቸው መመዘን ይገባል።

ወረቀት የተሠራው ከደቃቅ የእንጨት ቃጫ ነው። ቃጫው ውሃ ሲጠጣ የሚያብጠው በርዝመቱ ሳይሆን በውፍረቱ በኩል በመሆኑ፣ ውሃ የበዛበት ኮላ የተቀባ ስስ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ይለጠጥና ሲደርቅ ይጨማደዳል። የሁለት ወረቀቶች ቃጫ መስቀለኛ አቅጣጫ ይዞ ከተጣበቀ ደግሞ ካርዱ እንደ ደረቀ ቆዳ ይቆለመማል። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳያጥፉ በሁለቱም በኩል ቀስ አድርጎ ማጎበጥ ነው፤ በቀላሉ የጎበጠበት መስመር የቃጫው መስመር ነው። ብዙዎች ኮላውን የሚወቅሱበት ጥፋት የዚህ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም የማስቀድመው አናጢዎች ቪናቪል የሚሉትን ነጭ ኮላ ነው። መሠረቱ ፖሊቪኒል አሲቴት የተባለው ውሕድ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ክላተ በ1912 እ.ኤ.አ. ያገኘው ነው። በውሃው ውስጥ የተበተኑት ጥቃቅን ቅንጣቶች ውሃው ወደ ወረቀቱና ወደ አየሩ ሲሄድ እርስ በርስ ተያይዘው ስስ ሽፋን ይፈጥራሉ፤ ነጩ ኮላ ሲደርቅ ብርሃን የሚያስተላልፍ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በካሬ ሜትር 200 ግራምና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ጠንካራ ወረቀት ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ለአንድ ኮላ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ጫፉ ቀጭን የሆነ ትንሽ ጠርሙስ ይግዛ። በጣት ማዳረስ ግን አይመከርም። በአሮጌ ካርድ ጠርዝ እንደ ስስ ቅባት ከተዘረጋ በኋላ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርጎ ከባድ መጽሐፍ ጭኖ ማሳደር ያስፈልጋል። በክረምት አየሩ እርጥበት ስላለው ሥራውን ቸኩሎ ማንሣት አይገባም።

ለተለመደው የ80 ግራም ወረቀትና ለሕፃናት ሥራ የዱላ ኮላ ይሻላል። የከንፈር ቀለምን አምሳል ይዞ በመጀመሪያ የወጣው የጀርመኑ የሄንክል ኩባንያ ፕሪት ሲሆን፣ ዘመኑም 1969 እ.ኤ.አ. ነው። እርጥበቱ ጥቂት ስለሆነ ወረቀቱን አያጨማድድም። ሆኖም ጉልበቱ መጠነኛ ነው፤ ተቀብቶ ወዲያው ካልተጫኑት ጠርዙ ይላቀቃል፣ ክዳኑም በደንብ ካልተዘጋ ይደርቃል። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ የሠርግ ካርድ አልመርጠውም።

ከውሃ ይልቅ በፍጥነት በሚተን ኬሚካል የሟሙት፣ በቱቦ የሚሸጡት ኮላዎች ወረቀት አያጨማድዱም፤ ሪባንና ፕላስቲክ ጌጥንም ይይዛሉ። ነገር ግን ሲጨመቁ ክር ይጎትታሉ፣ ሽታቸውም ጤና ስለሚጎዳ መስኮት ከፍቶ መሥራት ግዴታ ነው። ማስቲሽን ጨምሮ እነዚህን ለሕፃን እጅ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ሱፐር ግሉ ደግሞ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ግትር ያደርገዋል፣ ነጭ ምልክትም ይተዋል።

ሰፊ ገጽ በሌላ ገጽ ላይ ለመደረብ በሁለቱም ፊቱ የሚይዘው ፕላስተር ከሁሉም ይልቃል፤ ማድረቂያ ጊዜ የለውም፣ ወረቀቱንም አያርስም። ብቸኛው ችግሩ አንዴ ከያዘ አለመላቀቁ ነው። መፍትሔው መከላከያ ወረቀቱን በአንድ ጊዜ አለመላጥ ነው፤ ከየጫፉ ጥቂት ብቻ ተልጦ ወደ ውጭ ታጥፎ ሥዕሉ በልኩ ከተቀመጠ በኋላ፣ በአንድ እጅ ይዞ የተረፈውን በሌላው ከሥር መሳብ ነው።