ሳይለኩ ለማይገጥሙት የተርቦ ባለሙያ ምስጋናዬ

በቃሊቲ አካባቢ የከባድ መኪና ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚገፋውን መሣሪያ) ለሚጠግኑ አንድ አንጋፋ ባለሙያ በይፋ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ በጅቡቲ መስመር መኪና ለምታሠሩ ወገኖቼም እሳቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ ሥራቸውን ግን በዝርዝር መናገር ይገባኛል።

የምናሠራው መኪና ሲኖትራክ ሃዎ 371 ሲሆን የሞተሩ ይዘት 9.7 ሊትር ያህል ነው። የቀድሞው ተርቦ ዘይት መጣል ሲጀምር አንድ ሌላ ጋራዥ «ጉልበት ይጨምርለታል» በሚል የኮምፕሬሰሩ ዊል (እየዞረ አየሩን የሚያምቀው ባለ ክንፍ ክፍል) ተለቅ ያለ ተርቦ ገጠመለት። ከዚያ በኋላ መኪናው ጭኖ ከመተሃራ ወደ አዳማ ሲወጣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጥቁር ጭስ ያወጣ፣ ዙሩ እስኪነሳም ጉልበት ያጣ ጀመር። በዝቅተኛ ዙር ጋዝ ሲሰጠው ደግሞ ከአየር ማጣሪያው በኩል የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማ ነበር። የናፍጣ ፓምፑ ተፈተሸ፣ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎቹም ተቀየሩ፤ ለውጥ ግን አልመጣም።

እኚህ ባለሙያ ተርቦውን እንደፈቱ መጀመሪያ ያነሱት ካሊፐር የተባለውን መለኪያ ነው። አየር የሚገባበትን የዊሉን አፍ ዲያሜትር፣ ከዚያም አየሩ ተገፍቶ የሚወጣበትን የሰፊውን ጀርባ ዲያሜትር ለኩ። የመጀመሪያው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ በራሱ ለተባዛው ሁለተኛ ቁጥር ተካፍሎ፣ ውጤቱ በ100 ሲባዛ የሚገኘው ልክ ትሪም ይባላል። ጋሬት ጂቲ2871አር የተባለውን የአነስተኛ መኪና ተርቦ ምሳሌ አድርገው አስረዱኝ። የዚህ ተርቦ የዊል ጀርባ 71 ሚሊሜትር ነው፤ አፉ ግን እንደ ዓይነቱ 49.2፣ 51.2 ወይም 53.1 ሚሊሜትር ስለሚሆን ትሪሙ 48፣ 52 ወይም 56 ይሆናል። ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ተርቦዎች በአፋቸው ስፋት ብቻ እስከ 16 ከመቶ ገደማ ሊለያዩ ይችላሉ ማለት ነው። መለዋወጫ በዓይን እየተመረጠ በሚሸጥበት ገበያ ይህን ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የዊል ማደግ ዋጋ የሚያስከፍለው በመጀመሪያ በክብደቱ ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ በ10 ከመቶ ብቻ ቢጨምር፣ ዊሉ ለመዞር የሚያሳየው እምቢተኝነት በ60 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ማርሽ ተቀይሮ ናፍጣው ሲገባ አየሩ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ያ ጥቁር ጭስ የሚመጣውም አየር ያላገኘው ናፍጣ በሚገባ ሳይነድ ሲወጣ ነው። በሌላ በኩል ትልቅ ዊል ብዙ አየር ለማሳለፍ የተሠራ ስለሆነ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ጥቂት አየር ብቻ ሲወስድ የታመቀው አየር በክንፎቹ መካከል ወደ ኋላ ይመለሳል። የሰማነው መርገብገብ ይህ ነበር፤ ሲደጋገም ዘንጉን ወዲያና ወዲህ እየገፋ ዘንጉ የሚዞርበትን ቤሪንግ ይጨርሳል።

«እንግዲያው ትንሽ ዊል አይሻልም?» ብዬ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ መልስ በተለይ ለእኛ መንገድ የሚጠቅም ነው። ግፊትን የሚፈጥረው የዊሉ ጫፍ ፍጥነት ስለሆነ ትንሽ ዊል ያንኑ ግፊት ለመስጠት ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ በከፍተኛ ዙር ደግሞ የአፉ ጥበት አየሩን ያንቀዋል። መኪናችን ከጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ወደሚገኘው አዲስ አበባ ይወጣል፤ እዚህ የአየሩ ግፊት በጠረፉ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጠረፉ ላይ አየሩን ሁለት እጥፍ በማመቅ የሚገኘውን ግፊት እዚህ ለማግኘት 2.6 እጥፍ ገደማ ማመቅ ያስፈልጋል። ዲያሜትሩ 80 ሚሊሜትር የሆነ ዊል በደቂቃ 100,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ ወደ 419 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ዊሉን ከተሠራበት ልክ በላይ ማስሮጥ ብረቱን ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

በመጨረሻ የገጠሙት ለሞተሩ በተሠራው ልክ የሆነ ዊል ነው፤ ዊሉን ከሚያቅፈው የተርቦው ቤት ጋር ያለውን ክፍተት ለክተው፣ ባላንሱንም በማሽን አስተካክለው። ክፍተቱ ሲሰፋ አየሩ በክንፎቹ ጫፍ እያመለጠ የኮምፕሬሰሩ ብቃት ይወርዳል። ብቃቱ ከ75 ወደ 65 ከመቶ ቢወርድ፣ በ20 ዲግሪ የገባ አየር 2.6 እጥፍ ሲታመቅ 143 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ ወደ 162 ዲግሪ ይደርሳል። የሞቀ አየር ደግሞ ስስ ስለሆነ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ያንን ሁሉ ለማካካስ ይቸገራል። ከጥገናው በኋላ ሹፌራችን በዚያው ዳገት መኪናው ማርሽ ሲቀየር ወዲያው ጉልበቱን እንደሚያገኝ ነግሮናል፤ ጭሱም ሆነ መርገብገቡ የለም።

የእጅ ዋጋቸው ከሌሎች ከፍ ያለ ነው፤ እኔ ግን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በሱቃቸው ከገጠሙልን የበለጠ ዋጋ ያለው ትልቅ ተርቦ እያለ «ለመኪናችሁ አይሆንም» ብለው ሳይሸጡልን መቅረታቸውን በልዩ አክብሮት አስታውሳለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስትሄዱ አሮጌውን ተርቦ ከነቁጥር ሰሌዳው ይዛችሁ ሂዱ፣ መኪናው በየትኛው መንገድ ምን ያህል ጭነት እንደሚጭንም ንገሯቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።