እንጦጦ ወይስ ሱባ? ለስካውት ልጆች ካምፕ

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ የወላጆች ጥያቄ አንድ ነው፦ "ዘንድሮ ልጆቹን የት ልትወስዷቸው ነው?"

እንጦጦ ቅርብ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ መውጣት ብቻ። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ተመችቷል። ለትንንሾቹ፣ ለግማሽ ቀን ጉዞ፣ እሱን እመርጣለሁ። የአፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥትና እንጦጦ ማርያምን ማሳየትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ማደር ካለ ግን ሱባ! የመናገሻ ሱባ ደን ከከተማው በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። አንዱን ጥድ ሦስት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊያቅፉት ሲሞክሩ፣ የመጨረሻዎቹ ጣቶች አልገናኝ ብለው አይቻለሁ። ጉሬዛ ከላያቸው ሲዘል ማንም ሳያዛቸው ጸጥ ይላሉ።

ትልቁ ልዩነት በኮምፓስ ትምህርት ላይ ነው። እንጦጦ ላይ በባሕር ዛፉ መሃል ከተማዋ ቁልቁል ስለምትታይ ልጁ ኮምፓሱን ትቶ በዐይኑ ይመራል። ሱባ ውስጥ ጥቅጥቅ ካለው ደን ሲገባ መርፌውን ማመን ግድ ይሆንበታል። ስካውት የሚሠራው እዚያ ነው።

የሱባ ችግር መንገዱ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ጭቃው መኪና ይይዛል። ሌሊቱም ይበርዳል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ። እሳት በሁለቱም ቦታ አናነድም፤ በተለይ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቶሎ ይቀጣጠላል። ምሳውን ከቤት አብስላችሁ ቋጥሩላቸው።