ሽቦ የማይነኩት መካኒክ

ሰው አደባባይ ላይ ማመስገን ብዙም አይሆንልኝም። ለእኚህ ሰውዬ ግን ዝም ብል ነውር ነው።

የአባቴ አሮጌ ሆንዳ ሞተር ሳይክል ሁለት ዓመት ቆማ ነበር። ቤንዚኑን ሳላፈስ ነው ያቆምኳት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ላስነሳት ስሞክር ያለ ቾክ (አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛው) እምቢ አለች። ሞቃም ቢሆን ቾኩን ስመልሰው ድርግም! ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጧት ቀስ ብሎ መሥራት፣ የሚባል ነገር የላትም። መጀመሪያ ያየልኝ መካኒክ ካንዴላ ቀየረ፣ ትልቋን ጄት (ቤንዚን በልክ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላትን ብሎን) በሽቦ ጎረጎራትና መለሰልኝ። ጭራሽ ባሰባት። "ካርቡሬተሩ አብቅቶለታል፣ አዲስ ግዛ" ተባልኩ፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል ማለት ነው።

ልገዛ ስል ነው ጓደኛዬ ሌላ መካኒክ ጋ፣ ጋሼ ጋ የላከኝ። ጋሼ ካርቡሬተሩን ከመንካታቸው በፊት የቤንዚን ታንኩን ከፍተው አሸተቱና ሳቁ። "ይሄ ቤንዚን ሳይሆን ቫርኒሽ ነው" አሉኝ። ለካ ቤንዚን ቆይቶ ሲተን የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል።

ከዚያ መፍታት ጀመሩ። የአየር ማስተካከያዋን ብሎን መጀመሪያ ቀስ አድርገው እስክትቀመጥ አጠበቋት፤ ኋላ እዚያው ልክ እንዲመልሷት ስንት ዙር እንደሄደች ወረቀት ላይ ጻፉ። ጎማ የሆነውን ሁሉ ለይተው አስቀመጡ፤ ማጠቢያው ያሳብጠዋል። ብረቱን ብቻ ዘፈዘፉ።

የሚኒሞዋን ጄት ብርሃን ላይ አንስተው አሳዩኝ። ድፍን። ቀዳዳዋ ደህና ስትሆን እንኳን ግማሽ ሚሊሜትር አትሞላም። እኔ ቸኩዬ "በሽቦ ብትወጓትስ?" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። "ናስ እኮ ናት ልጄ። ትንሽ ካሰፋሃት የሚያልፈው ቤንዚን ልክ ይጠፋል፤ ማን መልሶ ጠባብ ያደርግልሃል?" አፈርኩ።

አሳድረው በኮምፕሬሰር ነፏት። በማግስቱ ሳያት መሃሏ ላይ የብርሃን ነጥብ አለች። እንዲህ በትንሽ ነገር የምደሰት አይመስለኝም ነበር። በሽቦ የተጎዳችውን ትልቋን ጄት በዚያው ቁጥር በአዲስ ቀየሩ፤ የጋላጃንቴዋን (የቤንዚኑን ከፍታ የምትጠብቀዋን ተንሳፋፊ) መርፌና ጓርኒሲዮኑንም (ማሸጊያውን) እንዲሁ። ሌላው ሁሉ የድሮው ነው። የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ በላስቲክ ቋጥረው ሰጡኝ፤ ይቺን ሳልጠይቅ ነው።

ሞተሯ አሁን በመጀመሪያው ምት ትነሳለች። አባቴ ድምጿን ሰምቶ ከቤት ወጣ።

ጋሼ ስማቸው እዚህ እንዲጻፍ አልወደዱም። አሮጌ ካርቡሬተር ያላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልካችኋለሁ። "ዛሬውኑ ጨርሱልኝ" ካላችኋቸው ግን አይነኩላችሁም።